ለይተን ያወጣነውን ለይታችሁ ውሰዱልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ዕጣ ደርሶን ከመሀል ከተማ ወጥተን እዚህ ከገባን ዓመታት አልፈዋል። የምጽፍላችሁ ስለ ቤት ቆሻሻ ነው። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መጡ። ሁሌም የሚመጡት አራት ሴቶችና ጋሪ የሚገፋ አንድ ወጣት ናቸው። ማዳበሪያዬን ይዤ ወረድኩ። አንዷ፣ ልጄን የምታክል፣ ተቀበለችኝና በእጇ ጠቅጠቅ አደረገችው። ወዲያው ጮኸች። ማታ የተሰበረብኝን ብርጭቆ በፌስታል ጠቅልዬ ከሽንኩርት ልጣጩ ጋር ከትቼው ኖሯል። ጓንቷ ድሮም ጣቱ ላይ ተቀዷል። መዳፏ ከአውራ ጣቷ ሥር ተሰንጥቆ ደሙ እስከ ክርኗ ወረደ።

ቤት አስገባኋት። ቁስሉን በሳሙና አጠብኩላት፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩላት። «የኔ እናት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ስላት «ምንም አይደል እማማ፣ ለምደነዋል» አለችኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። መርፌ፣ ምላጭ፣ የተሰባበረ አምፖል፣ ሁሉንም በእጇ አግኝታዋለች። ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ፣ ተሰፋላት፣ የቴታነስ ክትባትም ተወጋች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቆሻሻዬን መለየት ጀመርኩ። በሩ አጠገብ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አስቀመጥኩ። ብርጭቆ፣ ምላጭ፣ አምፖልና የባትሪ ድንጋይ እዚያ ውስጥ ብቻ ይገባል። ለሌላው ሁለት ማዳበሪያ አዘጋጀሁ፣ አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ።

ቤታችን ውስጥ አምስት ነን። ሳምንት ሙሉ ስመለከተው በጣም የገረመኝ የእርጥቡ ብዛት ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የሙዝ ልጣጭ። ከምናወጣው ከግማሽ በላይ ይሄ ነው። የከተማችንም የቤት ቆሻሻ እንዲሁ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። ሀይላንዱን፣ ጠርሙሱንና ቆርቆሮውንማ ቆራሌው ይወስደዋል። አሮጌ ልብስና ጫማ ደግሞ ልዋጮቹ በሳህን ይለውጡታል። ስለነዚህ ሰዎች ብዙ አይወራም እንጂ ለከተማዋ ትልቅ ሥራ እየሠሩላት ነው። በመጨረሻ የሚቀረው ዳይፐር፣ ሞዴስና ፌስታል ነው። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፣ ደስ ብሎኛል። እርጥቡስ?

እኔ ያደግኩት ገጠር ነው። እናቴ ቤት የሚጣል ምግብ አላይም ነበር። አተላው ለላሟ፣ ልጣጩ ለበጎቹ፣ አመዱ ለጓሮ ጎመን ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ላምም ጓሮም የለም። ግን ከብሎካችን ሦስት ሴቶች ሆነን ከኮሚናሉ ጀርባ ባለችው ባዶ ቦታ ጉድጓድ አስቆፈርን። ልጣጩን እንጨምራለን፣ በላዩ ደረቅ ቅጠልና ትንሽ አፈር እናለብሳለን፣ በሳምንት አንዴ በአካፋ እናገላብጠዋለን። መጀመሪያ ጎረቤት ይሸታል ብሎ አጉረመረመ። እውነት ነው፣ ቅጠል ሲያንሰው ይሸት ነበር። ሲበዛለት ሽታው ጠፋ። በሦስተኛው ወር እጄን አስገብቼ አንድ ጭብጥ አወጣሁ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዝናብ ሲያባራ እንደሚሸተው አፈር የሚሸት። ሳይበሰብስ ያገኘሁት የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ነው። ዘንድሮ ጎመን ተክለንበታል።

ጉድጓዷ ግን ለሦስት ቤት እንጂ ለሙሉ ብሎክ አትበቃም። ስለዚህ የብሎካችንን ሰው እየዞርን አስረዳን። ስድስት ቤቶች እሺ ብለው በሁለት ማዳበሪያ ማውጣት ጀመሩ። አንድ ማክሰኞ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳይ ልጁ ሁለቱንም ማዳበሪያ አንድ ጋሪ ላይ ገለበጣቸው። ተናድጄ ወረድኩ። ያቺው ልጅ እጄን ይዛ አረጋጋችኝ። «እማማ፣ መኪናው አንድ ነው፣ ገንዳውም አንድ ነው። እዚህ ብንለየው እዚያ ይደባለቃል። የሚከፈለንም ባመጣነው ልክ ነው። ለመለየት የምናጠፋውን ጊዜ የሚከፍለን የለም» አለችኝ።

የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሕዝቡ ቆሻሻ መለየት አይወድም ሲባል እሰማለሁ። ስድስት ቤት ያለ አስገዳጅ ለየ። ሥራው የቆመው ከደጃችን በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ ቤተሰብ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች አድገው ሰው ሆነዋል። የለየነውን ለይቶ የሚጭን መኪና ግን እኛ ሰፈር እስከ ዛሬ አላየሁም። የቆሻሻውን ክፍያ ከውኃ ቢል ጋር በየወሩ እንከፍላለን።

ተደባልቆ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክሟል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተንዶ ሥሩ ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያን ሰሞን በሬዲዮ ስሰማ አለቅሳለሁ፣ ተነሥቼ ደግሞ የድንች ልጣጬን ፌስታል ውስጥ እከታለሁ። ሁለቱን አላገናኘኋቸውም ነበር። ዛሬ ሳስበው ያዝናል ልቤ። የሚበሰብስ ነገር አየር ሳያገኝ ሲቀበር ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፣ ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽም መሬት ውስጥ ይሰርጋል። የሰንዳፋው ማራገፊያም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ብዙ ሳይቆይ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ቆሟል። ሰንዳፋ በኛ በኩል ነው፣ አልፈርድባቸውም። የሌላ ሰው የበሰበሰ ምግብ ከእርሻው አጠገብ ሲራገፍ ዝም የሚል ማን አለ? በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ግን እርጥብ እንጨት የማገደ ሰው ያውቀዋል፣ ውኃ ያዘለ ልጣጭ በደንብ አይነድም። ለእሳቱም ቢሆን መለየቱ ይጠቅማል።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን እርጥብ ብቻ ይሰብሰብ፣ ሌላውን ቀን ደረቁ። ስለቱና ስባሪው በየብሎኩ ጥበቃ ቤት በአንድ ቆርቆሮ ይጠራቀም። ሴቶቹ የማይቀደድ ጓንት ይሰጣቸው። ለይተው ላመጡትም የተሻለ ይከፈላቸው፣ ዋናው ይሄ ነው። ለማበስበሻ የሚሆን ቦታ ደግሞ እኛ ዳር ያለን ሰፈሮች አናጣም፣ መሀል ከተማ ያሉት ናቸው የሚቸገሩት።

የሚመለከተው ሰው ሐሳቤን ካነበበ በአንድ ብሎክ ይሞክረው። የኛን ብሎክ ይውሰድ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ቢመጣ ሁለቱንም ማዳበሪያ ደጃፍ ላይ ያገኛቸዋል፣ ጉድጓዱንም አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የየካ አባዶ ነዋሪ