የሁዋን ሶቶ ልውውጥ በየትኛው ሚዛን ይመዘን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የቤዝቦል ተጫዋቹ ሁዋን ሶቶ ለኒውዮርክ ሜትስ ሆምራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) በመታ ቁጥር በዋሺንግተንና በአካባቢዋ አንድ የቆየ ክርክር ይቀሰቀሳል፦ የዋሺንግተኑ ክለብ ናሽናልስ በኦገስት 2 ቀን 2022 እሱን ለሳንዲያጎ ፓድሬስ አሳልፎ መስጠቱ ስህተት ነበር ወይስ አልነበረም? (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ክርክሩ ደስ ይለኛል፤ የሚያሳስበኝ የሚዳኝበት መንገድ ነው። አንዱ ወገን ሶቶ አሁን የሚያስመዘግበውን ቁጥር ይዞ ይቀርባል፣ ሌላው በልውውጡ ወደ ዋሺንግተን የመጣው ጄምስ ዉድ የመታቸውን ሆምራኖች ይቆጥራል፤ ልውውጡ የተፈጸመበትን ቀን ግን ሁለቱም ይዘነጉታል። እኔ ልውውጡ ትክክል ነበር እላለሁ። ክለቡ የተሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓይናቸው በእግር ኳስ ለተገራ አንባቢዎች ሕጉን ባጭሩ ላስረዳ። በአውሮፓ እግር ኳስ ክለቡ ገንዘብ ይቀበላል፣ ተጫዋቹም ካልተስማማ አይሄድም። በቤዝቦል ልውውጡ በአብዛኛው ሰው በሰው ነው፤ ተጫዋቹም አይጠየቅም። የሚጠየቀው ውሉ ላይ የመቃወም መብት ከተጻፈለት፣ ወይም በሊጉ 10 ዓመት ሞልቶት የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በዚያው ክለብ ከቆየ ብቻ ነው። በዚሁ በሶቶ ልውውጥ የፓድሬሱ ኤሪክ ሆዝመር መብቱ ስለነበረው ዋሺንግተን አልሄድም ብሎ ቀረ፤ በምትኩ ሉክ ቮይት ተላከ። ሌላው ልዩነት የጊዜ ነው። ተጫዋቹ በትልቁ ሊግ 6 የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በያዘው ክለብ ሥር ይቆያል፤ 172 ቀን እንደ አንድ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዙ ለሊጉ ዝቅተኛ ክፍያ ቅርብ ነው፤ በ2022 ይህ 700,000 ዶላር ነበር። ቀጥሎ በድርድር፣ ካልተስማሙም በግልግል ዳኞች ይወሰናል። 6 ዓመት ሲሞላው ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ስለዚህ በልውውጥ ጠረጴዛ ላይ ከተጫዋቹ ችሎታ እኩል የሚመዘነው የቀሩት ዓመታት ብዛት ነው።

በዚያ ቀን የነበረውን ሁኔታ እንመልከት። ሶቶ 23 ዓመቱ ነበር፤ በ2019 ክለቡ ሂዩስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ ዎርልድ ሲሪስን (የሊጉን የመጨረሻ ዋንጫ) ሲወስድ ከዋናዎቹ መቺዎች አንዱ ነበር፣ በ2020 ደግሞ በ0.351 የመምታት አማካይ (የተሳካ ምት ከሙከራው አንጻር ያለው መጠን) ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች በአንዱ፣ በናሽናል ሊግ፣ አንደኛ ሆኗል። በዋሺንግተን ሥር የቀረው ጊዜ የ2022 አንድ ሦስተኛ፣ ከዚያ 2023 እና 2024 ብቻ ነው። ክለቡ መጀመሪያ የ13 ዓመት 350 ሚሊዮን፣ በ2022 ክረምት ደግሞ የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦለት ሁለቱንም አልተቀበለም። ወኪሉ ስኮት ቦራስ ደንበኞቹ እስከ ነፃ ገበያ ድረስ እንዲጠብቁ በመምከር የታወቀ ሰው ነው። በዚያ ላይ የለርነር ቤተሰብ ክለቡን ለመሸጥ እንደሚያስብ አስታውቆ ነበር፤ ቡድኑም ያንን ዓመት 55 አሸንፎ 107 ተሸንፎ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ሆኖ ጨርሷል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ባይለውጡትስ? ሜዳ ላይ የሚሸነፍ ቡድን ሶቶን እስከ 2024 ይዞ ቢቆይ የሚቀርለት የድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ምርጫ አንድ ብቻ ነው። እሱም የሚገኘው ክለቡ የአንድ ዓመት መደበኛ ውል አቅርቦለት ተጫዋቹ እምቢ ብሎ ሲሄድ ነው፤ የምርጫው ደረጃም ክለቡ የደመወዝ ጣሪያ ግብር ከከፈለ ከአራተኛው ዙር በኋላ ይወርዳል። ዋሺንግተን ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ብራይስ ሃርፐር በ2019 መጀመሪያ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ወደ ፊላደልፊያ ሲሄድ ክለቡ ያገኘው ከአራተኛው ዙር በኋላ የሆነ ምርጫ ነው። ሶቶን በ2024 አጋማሽ እንለውጠዋለን የሚሉም አሉ። በዚያን ጊዜ የሚሸጡት የሁለት ወር ጨዋታ ይሆናል፤ በውድድር ዘመን መሀል የተለወጠ ተጫዋች ደግሞ ያ መደበኛ ውል ሊቀርብለት ስለማይችል ገዢው ክለብ የድራፍት ካሳውን እንኳ አያገኝም። ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል።

ሂሳቡን ማንም በወረቀት ሊሠራው ይችላል። የተጫዋች ዋጋ የሚለካው ከማይነር ሊግ (ከትልቁ ሊግ በታች ካሉት ሊጎች) በቀላሉ ከሚመጣ ተተኪ በላይ ለቡድኑ በሚያስገኘው ድል ነው፤ በግምት 10 ሩጫ (ነጥብ) አንድ ድል ነው። ከተተኪዎች ብቻ የተሠራ ቡድን ከ162 ጨዋታ 48 ገደማ ያሸንፋል ተብሎ ይታሰባል። ሶቶ በዓመት 6 ድል ይሰጣል እንበል፦ በቀረው 2022 ሁለት፣ በ2023 ስድስት፣ በ2024 ስድስት፣ ድምሩ 14። በነፃ ገበያ አንድ ድል 8 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ብንል 112 ሚሊዮን ነው። የተከፈለው ደመወዝ ከ2022ቱ 17.1 ሚሊዮን አንድ ሦስተኛው፣ ከዚያ 23 ሚሊዮንና 31 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 60 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ፓድሬስ ያገኘው ትርፍ ዋጋ 52 ሚሊዮን አካባቢ ይሆናል። ይህ ቁጥር ብዙዎችን ያስገርማል፤ ሶቶ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ደመወዙም አብሮ እየከበደ ነበርና።

በሌላው ወገን፣ ወደ ዋሺንግተን ከተላኩት መካከል ማኬንዚ ጎርን ውሰዱ። በ2017 ድራፍት ሦስተኛ የተመረጠ ግራ እጅ ወርዋሪ ነው፤ ልውውጡ ሲፈጸም በክርን ሕመም ከሜዳ ውጭ ነበር። በዚያ ቀን ስሌት ከ2023 እስከ 2027 በክለቡ ሥር ሊቆይ ይችል ነበር። በዓመት 2 ድል ብቻ የሚሰጥ መካከለኛ ወርዋሪ ቢሆን 10 ድል፣ 80 ሚሊዮን ማለት ነው፤ በአምስቱ ዓመት 25 ሚሊዮን ቢከፈለው ትርፉ 55 ሚሊዮን ይሆናል። የክርኑን ነገር አስበን ግማሹን እንቀንስ፤ 27.5 ሚሊዮን ይቀራል። ይህ እንግዲህ አንዱ ብቻ ነው። በ2019 ድራፍት ስድስተኛ የተመረጠው ሲጄ ኤብራምስ እስከ 2028 ድረስ በክለቡ ሥር ነው። ዉድ ትልቁን ሊግ የተቀላቀለው በጁላይ 2024 ስለሆነ እስከ 2030 ይቆያል። ሮበርት ሃሰል እና ሃርሊን ሱሳና ሲጨመሩ፣ ሁለቱ ምንም ባይሆኑ እንኳ፣ በዚያ ቀን ሚዛኑ ወደ ዋሺንግተን ያጋደለ ነበር። ፓድሬስ ከሶቶ ጋር የወሰደው ጆሽ ቤል ውሉ በዚያው ዓመት የሚያልቅ ነበር፤ በሳንዲያጎም 0.192 ብቻ መታ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ከ2024 በኋላ ሶቶ የሠራውን በዋሺንግተን ዕዳ ላይ መጻፍ ነው። ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ያስፈረመው ከነፃ ገበያ ነው፤ ያ ገበያ ለዋሺንግተንም ክፍት ነበር። ሶቶ በ2025 የመታቸው 43 ሆምራኖች ከ2022 ልውውጥ ጋር አይገናኙም። ሁለተኛው የልውውጡን የዘር ሐረግ ያለ ገደብ መከተል ነው። ፓድሬስ በዲሴምበር 2023 ሶቶን ለያንኪስ ሰጥቶ ማይክል ኪንግንና ድሩ ቶርፕን ጨምሮ አምስት ተጫዋቾች ወሰደ፤ ቶርፕን ደግሞ ወርዋሪውን ዲላን ሲስን ለማምጣት ተጠቀመበት። ሲስ በጁላይ 25 ቀን 2024 እዚሁ በናሽናልስ ሜዳ አንድም መቺ ሂት (ኳሱን መትቶ ቤዝ መድረስ) ሳያገኝበት ጨዋታውን ጨረሰ። የሚያንገበግብ ቀን ነበር፤ ሆኖም ያ የሳንዲያጎ አስተዳደር የራሱ አዲስ ውሳኔ ውጤት ነው። አዲስ ውሳኔ በተጀመረበት ቦታ የድሮውን መዝገብ መዝጋት ይገባል።

በውጤት ብቻ መዳኘት ምን ያህል እንደሚያሳስት የ1987ቱ የዲትሮይት ታሪክ በደንብ ያሳያል። ዲትሮይት በኦገስት ወር የ20 ዓመቱን ወርዋሪ ጆን ስሞልትዝን ለአትላንታ ሰጥቶ አንጋፋውን ወርዋሪ ዶይል አሌክሳንደርን ወሰደ። ስሞልትዝ 213 ድልና 154 ሴቭ (መጨረሻ ላይ ገብቶ የቡድኑን መሪነት ማስጠበቅ) አስመዝግቦ የክብር አዳራሽ ገባ፤ ልውውጡም እስከ ዛሬ ከታላላቆቹ ስህተቶች አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። አሌክሳንደር ግን በቀሪዎቹ ሳምንታት 9 አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም፤ ዲትሮይት ምድቡን ያሸነፈው ከቶሮንቶ በ2 ጨዋታ ብቻ በልጦ ነው። የተጠየቀው ዕቃ መጥቷል፤ የተከፈለው ዋጋ ከበደ ማለት ይቻላል፣ ከንቱ ልውውጥ ነበር ማለት ግን አይቻልም።

በእርግጥ ስህተት የምለው የቦስተንን ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ሙኪ ቤትስን ከዴቪድ ፕራይስ ጋር ለዶጀርስ ሰጥቶ አሌክስ ቨርዱጎን፣ ጂተር ዳውንስንና ኮነር ዎንግን ተቀበለ። ቤትስ የአንድ ዓመት ውል ብቻ ስለቀረው የሚገኘው ክፍያ ትንሽ መሆኑ የሚጠበቅ ነበር፤ ከፕራይስ ደመወዝ ግማሹን ለመገላገል ሲባልም ይበልጥ አነሰ። ዋሺንግተን ከመለወጥ ሌላ የነበረው አማራጭ ሶቶን ያለ ዋጋ ማጣት ነበር። ቦስተን ግን በሊጉ ከሀብታሞቹ አንዱ ነውና አማራጩ መክፈል ነበር። ዶጀርስ በዚያው ዓመት ጁላይ በ12 ዓመት 365 ሚሊዮን አስፈረመው።

ታዲያ ዋሺንግተን የት ጋ ተሳሳተ? ከላይ የጠቀስኩት ትርፍ ዋጋ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው፤ ያ ገንዘብ ሌላ ተጫዋች ካልተገዛበት ጨዋታ አያሸንፍም። አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ የሚያሰልፈው 9 መቺ ብቻ ስለሆነ፣ ሶቶ በአንድ ቦታ የሚሰጠውን 6 ድል በሦስት መካከለኛ ተጫዋቾች የሚተካ ክለብ የቀሩትን ቦታዎች በገንዘብ መሙላት ግዴታው ነው። ስቲቨን ስትራስበርግ በ2019 መጨረሻ የፈረመው የ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ውል በጉዳት ምክንያት ፍሬ ሳያፈራ መቅረቱ ትልቅ ሸክም እንደነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ኦል ስታር (ለዓመቱ የምርጦች ጨዋታ የተመረጡ) ሲሆኑ፣ ዉድ 31 ሆምራን ሲመታ፣ አንድ ጨዋታ ላይም እንዳይመታ አራት ጊዜ ሆን ተብሎ ወደ ቤዝ ሲሸኝ፣ ከኋላው የሚመታና የሚያስፈራ ሰው አልነበረም። በ2025 ዋዜማ የመጣው መቺ ራሱ ጆሽ ቤል ነው፣ በአንድ ዓመት 6 ሚሊዮን። ውጤቱ በ2023 እና በ2024 እኩል 71 ድል፣ በ2025 ደግሞ 66 ሆነ፤ ጄኔራል ማናጀሩ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝም በጁላይ 2025 ተሰናበቱ። ዉድ በዚያ ዓመት 221 ጊዜ በስትራይክአውት (ኳሱን ሳይመታ ተራውን አጥቶ) መውጣቱንም አልደብቅም፤ ወጣት ተጫዋች ሲሰጥህ ማስተካከያውን የሚሠሩ አሠልጣኞች አብረው አይመጡም፣ እነሱን ማዘጋጀት የክለቡ ሥራ ነው።

ዉድ የተወለደው ሮክቪል ነው፤ ከብዙዎቻችን ቤት በአውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ። ልጆቻችን ስሙን እየጠሩ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ይህን ጨዋታ በቁም ነገር የሚዘግብ የአማርኛ ጋዜጣ ያስፈልገናል። ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስለ ልውውጥ ዜና ስታወጡ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ጎን ዕድሜውን፣ በክለቡ ሥር የቀሩትን ዓመታትና የዓመቱን ደመወዝ አብራችሁ አትሙልን። ከዓመታት በኋላ ለመፍረድ የተነሳ አንባቢ የዚያን ቀን ቁጥሮች ከፊቱ ያገኛቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ