ለ6ኛ ክፍል ወላጆች በሙሉ፦ ስለ ሲንደሬላው ፊልም

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የሚድ ኤግዛም ውጤት በኮሚውኒኬሽን ቡክ ተልኮላችኋል፣ ፈርማችሁ ሰኞ መልሱልን።

ሌላው ያው የምታውቁት ጉዳይ ነው። ባለፈው ሳምንት አርብ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲንደሬላን፣ ካርቱኑን ሳይሆን በፈረንጆቹ 2015 የወጣውን ሰዎች የሚተውኑበትን፣ ግማሹን አሳየን። ከዛ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ያልተባለ የለም፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ትናንት ደግሞ ቀሪውን ልናሳይ ስንል ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ልጅ ቀረ። አሟቸው ነው ተባልን፣ ግን በፊልሙ ምክንያት እንደቀሩ እኛም እናንተም እናውቃለን፣ እና በአክብሮት ነው የምለው፣ ሂሳቡም ሳይንሱም አብሮ አምልጧቸዋል።

"የምንከፍለው ለፊልም አይደለም" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ልጆቹ ዝም ብለው አላዩም እኮ። ታሪኩን ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 አሳትሞታል፣ ሰረገላ የሚሆነው ዱባና የመስታወት ጫማው እሱ ጋር ነው ያሉት፣ የጀርመኖቹ ግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባወጡት ላይ ደግሞ ዱባ ምናምን የለም፣ ልጅቷን የሚረዷት እናቷ መቃብር ላይ የበቀለው ዛፍና ወፎቹ ናቸው። መምህሯ ሁለቱንም አሳጥራ በእንግሊዝኛ አስነብባቸው ነው ከፊልሙ ጋር የሚያወዳድሩት። ይሄ ትምህርት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጥንቆላ ነው ላላችሁም፣ እኛ "ተረት ተረት፣ የላም በረት" እየተባልን፣ አባባ ተስፋዬን በቲቪ እያየን፣ ጅብና ጦጣ ሲያወሩ ሰምተን ነው ያደግነው። ልጅ ተረት መሆኑን ያውቃል።

እኔም ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ፊልሙ ላይ የሲንደሬላ አባት መንገድ ሲወጣ የእንጀራ እህቶቿ ጃንጥላና ዳንቴል አምጣልን ይሉታል፣ እሷ ግን መንገድ ላይ ትከሻህን የነካውን የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ አምጣልኝ ትለዋለች፣ በኋላ ቅርንጫፉ በሌላ ሰው እጅ ይመጣል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ "አባቷ ሞተ ማለት ነው" አለ። እንግሊዝኛውን ሁሉ ላይሰማው ይችላል፣ ያንን ግን ማንም ሳያስረዳው ገብቶታል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው ያሉኝ ነው፣ ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው። አንዷን ተማሪያችንን ከሶስት ዓመቷ ጀምረው ያሳደጉ የእንጀራ እናት ናቸው። "አርብ ማታ ራት ላይ ዝም ብላ ስታየኝ ነበር" አሉኝ። መልስ አጣሁ። እዚህ ላይ ጥፋት አለብን፣ ሰዓት አልቆብን ፊልሙን ያቆምነው የሲንደሬላ እንጀራ እናት የሲንደሬላን ቀሚስ የቀደደችበት ቦታ ላይ ነው፣ ልጆቹም እሱን ይዘው ቤታቸው ገቡ። ቀሪው ግማሽ ላይ ግን ያቺው እንጀራ እናት ስለ ራሷ ትናገራለች፣ የምትወደው ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ እንደቀረች፣ ካርቱኑ ላይ ይሄ የለም፣ ይሄንኛውን የመረጥነውም ለዚሁ ነው። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ይቅር ትላታለች። ግማሹን ብቻ ያየ ልጅ ቀደዳውን ይዞ ይቀራል፣ አታስቀሯቸው እያልኩ የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

ቀሪው በሚመጣው አርብ ከሰዓት 7፡30 ላይ ይታያል። ልጄ እንዲያይ አልፈልግም የሚል ወላጅ በኮሚውኒኬሽን ቡክ ይጻፍልን፣ ላይብረሪ ውስጥ ከመምህር ጋር ያነባል፣ እቤት ግን አይቅር። መጥቶ ከልጁ ጎን ቁጭ ብሎ ማየት ለሚፈልግም ወንበር እናዘጋጃለን፣ እኚህ እናት እመጣለሁ ብለውኛል።

የት/ቤቱ ርዕሰ መምህር