«ምን ላምጣ?» ሳትሉ ለመጣችሁ ሁሉ

ይድረስ ለቡና ወዳጆቼ፤ ለቦሳ ኪቶዋ፣ ለጊንጆዋ፣ ለመንደራዋ፣ ለሂርማታዋ፣ ለጅሬኗ አዴም (በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው)። ስማችንን አደባባይ እንዳታወጪው ብላችሁ ስለለመናችሁኝ በየሰፈራችሁ ነው የምጠራችሁ። ጅማ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ያላወቀም ብዙ አይቀርበትም።

ባለቤቴ ዛሬ በክራንች እየተደገፈ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። በ2018 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ የተሳፈረባት ባጃጅ ጋሪ አሳልፋለሁ ስትል ተገልብጣ የጭን አጥንቱ ከተሰበረ ወዲህ፣ ይህን ቀን አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን። ቀጥሎ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአጥንት ክፍል ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ሌሊት ተነስተው ያገላበጡልኝ ረዳቶችና የጽዳት ሠራተኞች፣ ውለታችሁን እሱ ይክፈልልኝ። ስለ ሕክምናው የማወራው ብዙ የለኝም። እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ለሳምንታት በጀርባው ተኛ፣ ከዚያ ብረት ገባለት፣ ይኸው ቆመ። የቀረው ደብዳቤ የእናንተ ነው።

በሽተኛ ያስታመመ ሰው ያውቀዋል፤ «ምን ላምጣ?» የሚል ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ክፋት የለውም፣ ከፍቅር ነው። ግን ሌሊቱን ሲያቃስት ካደረ ሰው አጠገብ የተቀመጠች ሴት የሚበላውን ማሰብ የምትችል ብትሆንማ ኖሮ ምን ቸገራት? መልሷ «ኧረ ምንም አያስፈልግም» ነው። ደዋዩም እውነት መስሎት ብርቱካን ገዝቶ ይመጣል። ያ ብርቱካን! አልጋው ሥር ተደርድሮ፣ ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ታድሎ፣ ለዘበኛው ተርፎ አላልቅም አለ። እናንተ ግን አልጠየቃችሁኝም። እርስ በርሳችሁ ተማክራችሁ፣ ሰኞ የማን፣ ማክሰኞ የማን ብላችሁ ተራ አወጣችሁ። ተራ ባይኖር አንድ ቀን አምስት ዶሮ ወጥ፣ በማግስቱ ባዶ ምሳ ዕቃ ነው፤ በሌላው አልጋ ሲሆን አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ሰሞን ያመጣችሁት ሁሉ ሳይነካ ይመለስ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በጀርባው ለተኛ ሰው መብላት ትግል ነው፤ ጉርሻው አፉ ሳይደርስ አንገቱ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ አፉን አምርሮታል፣ ሕመሙ አለ። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ሆዱ መድረቁ ነው (ይህን ሲያነብ ይቆጣል፣ ይቆጣ)። እዚህ ላይ ነው የጊንጆዋ ተልባ ይዛ የደረሰችው። ተልባውን በለዘብታ እሳት ታምሰዋለች፣ መንጣጣት ሲጀምር ታወርደዋለች፤ ከዚያ ካለፈ ይመርራል። ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በውሃ በጥብጣ፣ አጥልላ፣ ከጌራ በመጣ ማር አጣፍጣ በፔርሙስ አመጣችው። በማግስቱ በክፍሉ የነበረውን ደስታ አልዘረዝረውም።

ይህን አሠራር ስትነግረኝ ግን ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «ውሃው ስንት ነው?» አለ። ዕድሜውን በንብረት ክፍል የኖረ ሰው ነው፤ ገቢና ወጪው ያልታወቀ ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል። «እስኪበቃው» አለችው። «ስንት ሲኒ?» አለ። «በዓይን ነው እንጂ በሲኒ ማን ይለካል!» ተሳሳቁ። ቤቱ ውስጥ ሻይ አፍልቶ የማያውቅ ሰው ስለ ተልባ ውሃ ሲከራከር ሳይ እኔም ብዙ ጊዜ ያልሳቅሁትን ሳቅ ሳቅሁ። በማግስቱ ተራዋ የነበረው የቦሳ ኪቶዋ ከምሳ ዕቃው ጋር ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች፤ «እኛ እንናገራለን፣ አንተ ጻፍ» ብላ ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት።

ለምግቡ አመሰግናለሁ፤ ግን በእኔ ግምት ሰውየውን ያነሳው ያ ደብተር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሳይጻፍ አይበላም» የሚል ሕግ አወጣ። ምሳ ያመጣ ሁሉ እንዴት እንደተሠራ፣ ከማን እንደተማረው፣ መቼ እንደሚበላ አስረድቶ ነው ክዳን የሚከፈተው። ሲጽፍ ይርበዋል፤ ሲርበው ይበላል። ነርሶቹ ሳይቀሩ ያስመዘግቡ ጀመር።

የቅቤውን ክርክር ማን ይረሳዋል? የመንደራዋ ኮረሪማና ኮሰረት የሚገባው ቅቤው ነጥሮ፣ አረፋው ተገፍፎ፣ ሊወርድ ሲል ነው ትላለች፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል ባይ ነች። የሂርማታዋ ደግሞ ቅመም አብሮ ካልተንተከተከ አይወጣለትም ብላ ከአብሹና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ከመጀመሪያው ታስገባዋለች። ሁለታችሁም እናታችሁን ምስክር ጠራችሁ። ባለቤቴ የግራውን ገጽ ለአንዷ፣ የቀኙን ለሌላዋ ሰጥቶ፣ ከታች «ውሳኔ አላገኘም» ብሎ ፈረመበት። ከጎናችን እጃቸው ተሰብሮ የተኙት፣ ከዴዶ የመጡት አባት በሳቅ ብዛት ፋሻቸውን ይዘው «ኧረ ተዉኝ» ይሉ ነበር። (እኔ ከመንደራዋ ጋር ነኝ። እስካሁን ያልተናገርኩት ሁለታችሁም ተራ ስላላችሁ ነው።)

የሂርማታዋ ግን በአሚቾው፣ በእንሰቱ ሥር፣ ሁላችንንም ረታችን። ዘመዶቿ ጉራጌ አገር ናቸው፤ እዚያ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ተለይቶ የሚሰጥ የእንሰት ዓይነት አለ። ስልክ ደውላ፣ ሥሩ በኮባ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ልጣ፣ ቆራርጣ፣ ሹካ እስኪገባው ቀቅላ ከወተት ጋር አበላችው። ከድንች ጠንከር፣ ከጎደሬ ደረቅ ያለ ነው ብሎ ጽፏል። ወንድ አያቷ ጎጆ ሲከድኑ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ፣ ሴት አያቷ ከአሚቾ ሌላ ምንም አፋቸው እንዳይገባ ከልክለው እንዳስነሷቸው፣ ከዚያም በኋላ ሽማግሌው ስንትና ስንት ጎጆ እንደከደኑ በዚያው ቀን ተመዘገበ። ሐኪሙን ብንጠይቀው፣ «ምግብ ነው ይብላ፤ አጥንቱን ግን ለእኛ ተዉልን» አለን። አጥንቱን ብረቱ ይያዘው ወይም አሚቾው፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ምስጋናውን ሁለቱም ወገን ይካፈሉት።

የጅሬኗ አዴ፣ ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምጽፍ ብዙ አስቤያለሁ። ሥጋ እንደማንካፈል አብረን ስላደግን ማስረዳት እንኳ አያሻንም። ቅበላው ሲቃረብ ግን «ልጄ ዶሮ ሳይቀምስ ጾም ሊገባበት ነው» ብለው ዶሮዋን ከነነፍሷ ቤቴ ድረስ ላኩ። «እናንተው እረዱ» አሉ። ከዶሮዋ ጋር ደግሞ ድስት ሙሉ ቁሌት። ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ያለ ጠብታ ውሃ፣ የራሱ ውሃ ተንኖ እስኪደርቅ በቀስታ ተቁላልቶ፣ ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እየተማሰለ በስሎ ነው የመጣው። ዶሮዋ እኛ ቤት ታረደች፤ የመንደራዋ አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ አጥባ፣ ከቁሌትዎ ጋር አዋሐደችው። ደብተሩ ላይ «የጅሬን ቁሌት፣ የመንደራ እጅ» ተብሎ ሰፍሯል። ስንት የሠርግ ዶሮ በልቻለሁ፤ ያንን የሚያህል አላስታውስም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ በዚያው ሳምንት ረመዳን። የንስሐ አባቱ በሽተኛ ነህ ብለው ቢፈቅዱለትም ከወተት አላለፈም፤ ሥጋውን ለፋሲካ ይቆየኝ አለ። የዴዶው አባት ልጅ ደግሞ አባቱን እያስታመመ ይጾማል። አዴ ይህን ሰምተው ማታ ማታ አፍጥር ለሁለቱም አልጋ ይልኩ ጀመር፤ ተምር፣ የአጃ ሾርባ፣ የምስር ሳምቡሳ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቀን «ምስር ብቻ ነው?» ብሎ አረጋገጠ፣ ከዚያ በኋላ መግሪብ አዛንን ከጾመኞቹ ይልቅ በጉጉት የሚጠብቀው እሱ ሆነ። በአንድ ትሪ ይበላሉ። የሳምቡሳው ምስጢር ምስሩ ሳይፈርስ ተቀቅሎ፣ ውሃው ፈጽሞ ተጠንፍፎ፣ ከሽንኩርቱና ከቃሪያው ጋር ተማስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ መጠቅለሉ ነው። በትኩሱ ከተጠቀለለ ሊጡ ይረጥብና ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ይህን ያስጻፉት በስልክ ነው፤ እሱም «እርስዎ፣ ስንት ደቂቃ?» እያለ አድክሞዎታል፣ ይቅር ይበሉት።

ከእናንተ ውጪ አንዲት የማመሰግናት እናት አለች፤ ይህን ታነበው እንደሆነ አላውቅም። ከሚዛን አማን ከዛፍ የወደቀ ልጇን ይዛ የመጣች ናት። ከሆስፒታሉ ጀርባ በተከራየችው ክፍል ጨሞ አፍልታ ታመጣልን ነበር፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያ፣ ከጤና አዳምና ከጨው ጋር ተወቅጦ የሚፈላ ነው። እኛ የጅማ ሰዎች በቡና ማንም አይበልጠንም ብለን የተቀመጥን ነን። ባለቤቴ፣ «ፍሬውን ሸጣችሁ ቅጠሉን ትጠጣላችሁ እንዴ?» ቢላት፣ «ፍሬው በዓመት አንዴ ነው፣ ቅጠሉ መቼ ይታጣል?» አለችው። መልሷን ቃል በቃል ጽፎታል። ሌሊት ትኩሱን አንድ ስኒ ስጠጣ ትከሻዬ ይፈታ ነበር። ልጅሽ ደህና እንደሆነ ተስፋ አለኝ እህቴ።

የቦሳ ኪቶዋ ጎደሬ በዳጣ፣ የጊንጆዋ የቡላ ገንፎ፣ አዲስ አበባ ሆነሽ ጭኮ በስልክ ያስጻፍሽው ጓደኛችን፣ ሁላችሁም ገጽ ገጻችሁ አለ። ጎደሬው ላይ ባለቤቴ በቀይ እስክሪብቶ «በደንብ ይብሰል፣ አለበለዚያ ጉሮሮ ያሳክካል» ብሎ አስምሮበታል፤ ምክንያቱን የቀመሱት ያውቁታል።

አሁን ቤት ነው። ሽሮ ሳማስል ከኋላዬ በክራንቹ ቆሞ ደብተሩን ጮክ ብሎ ያነብልኛል። የቡና ሲኒዎቼ ግማሹ የዱቄትና የዘይት መለኪያ ሆነዋል፤ ለዚህም የማመሰግነው እናንተን ነው፣ ወይም የምወቅሰው። በትንሣኤ ሰሞን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ሠራ። ጨጨብሳ ነው። ቂጣው በትክክል ተጋገረ፣ ቅቤው በትክክል ተለካ፣ ጨውን ግን ለክቶ ከጨመረ በኋላ መጨመሩን ረስቶ ደግሞ ለክቶ ጨመረ። ልጆቹ ዝም ብለው በሉለት። እኔም በላሁ።

ደብተሩን ለየአንዳንዳችሁ ኮፒ አስደርጌያለሁ። በሚመጣው እሑድ ቡናው እኔ ቤት ነው፤ ያኔ ትወስዳላችሁ። ስትመጡ ዕቃችሁንም ውሰዱ። ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃው የጊንጆዋ ነው፣ ሁለቱ ፔርሙሶች የቦሳ ኪቶዋና የመንደራዋ ናቸው። እጀታው በሽቦ የታሰረው ድስት የአዴ ነው፤ እሱን እኔው ራሴ ጅሬን ድረስ አመጣዋለሁ። የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ሁሉም ሞልቶ ይጠብቃችኋል፣ ሠሪው ግን እሱ ነው፣ ከወዲሁ ይታወቅ። አረንጓዴ ክዳን ያለው ጎድጓዳ ሳህን የማን እንደሆነ ጠይቄ ጠይቄ አላገኘሁም። ባለቤቷ ትምጣ።

አክባሪያችሁ፣ የሰቶ ሰመሮዋ