«ቅጠሉ የታለ?» የሚል ሻጭ እንፈልጋለን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ኗሪነቴ ሐረር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ግን ማሽላና ቦሎቄ እያሰባጠርን የምንዘራባት ትንሽ የቤተሰብ ማሳ አለችን። ባለፈው ክረምት የገጠመኝን ላጫውታችሁ።

ዝናቡ ለቀናት አላባራ ብሎ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ማሳ ስገባ የቦሎቄው ቅጠል ተዥጎርጉሯል። አንዱን ገልበጥ አድርጌ በአውራ ጣቴ ጠረግ ሳደርገው፣ ጣቴ የዛገ ቆርቆሮ የነካ መሰለ። በሩጫ ከተማ ተመልሼ አንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ገባሁ። «ቦሎቄዬ ቅጠሉ ታመመ» አልኩ። ሻጩ ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። አንድ ጠርሙስ አወረደና «ይሄ የማይገድለው የለም» አለኝ። ጠርሙሱ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም የለም። ከፈልኩ፣ ረጨሁ። በሳምንቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፍ ጀመር።

በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ ጠርሙሱን አይቶ ሳቀ። የነፍሳት መግደያ ነው ለካ! የኔን ቦሎቄ የያዘው ደግሞ ዋግ ነው፤ ፈንገስ። (የስንዴው ዋግ ዘመድ ነው እንጂ ከስንዴ ወደ ቦሎቄ አይሻገርም።)

ነገሩ በዋግ ብቻ አያልቅም። ዋግ በነፋስ ይመጣል እንጂ በዘር አይተላለፍም። አንትራክኖስ የሚባለው ሌላው የፈንገስ በሽታ ግን ዘሩ ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። እሱን የምትለዩት የቅጠሉ የጀርባ ደም ሥር ሲጠቁርና እሸቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ቁስል ሲወጣ ነው። ከታመመ ማሳ ዘር ማስቀረት ለከርሞ በሽታውን አብሮ መዝራት ነው። ጤዛ ሳይደርቅ ማሳ ውስጥ መመላለስም በልብስና በእጅ ያዛምተዋል። ለዋግ ደግሞ የሚቋቋም ዝርያ መዝራት፣ የአምናውን ገለባ ማሳ ላይ አለመተውና ሰብል ማፈራረቅ ይሻላል። እንደ ማንኮዜብ ያለው ፀረ ፈንገስ የሚከላከል እንጂ የሚያድን አይደለም። ነጠብጣቡ ብቅ ሲል ካልተረጨ፣ ገንዘቡ ማሳ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ላይ ሆኖ የቦሎቄ ዝርያ ሲያወጣ ኖሯል። እኛ ግን ዛሬም ምክር የምንሰማው ከባንኮኒ ጀርባ ነው። እናንተም ክረምት ሲገባ የታመሙ ቅጠሎችን ፎቶ በቀለም ብታወጡልን፣ ጋዜጣውን ይዘን ማሳ እንገባለን።

ግማሹ መድኃኒት አሁንም ቤት አለ። ልጆች ስላሉ ከፍ አድርጌ ቆልፌበታለሁ። የት እንደሚጣል የሚያውቅ ካለ እባካችሁ በዚሁ ገጽ ይጻፍልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐረር