ስለዚያ ቁጥር፦ ከስድስት ዓመት በኋላ የተጻፈ መልስ

ጎንደር፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ለመጨረሻው ደብዳቤህ መልስ ሳልሰጥ ስድስት ዓመት ያለፈው ረስቼህ ሳይሆን፣ ጥያቄህን መመለስ አቅቶኝ ይህንኑ መናገር ስላፈርሁ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ጃንተከል ዋርካ ሥር ተቀምጠን 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ብዬ የጻፍሁልህ ትዝ ይልሃል። ከአንዱ ላይ 1 ቀንሰህ፣ የቀረውን በራሱ አባዝተህ፣ መልሰህ 1 ስትጨምርበት ተከታዩን ታገኛለህ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ፣ ስለሆኑ ስድስተኛው፣ ማለትም 4,294,967,297፣ እንዲሁ ብቸኛ ነው ብዬ በድፍረት ተናገርሁ። አንተም በደብዳቤህ «በምን አወቅህ?» አልኸኝ። ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማም እ.ኤ.አ. በ1640፣ እዚህ ዐፄ ፋሲል በነገሡበት ዘመን፣ እንደ እኔው አስቦ ነበር። በ1732 ግን ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ቁጥሩ ለ641 እንደሚካፈል አገኘ። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 እንደሚተርፈው ካወቅህ ደግሞ ልትሞክራቸው የሚገቡ ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው፤ በአምስተኛው ላይ ትደርሳለህ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ብርሃን በእጄ አካፈልሁት። መጀመሪያ 448 ቀረኝ፤ 9 ሲወርድለት 4,489 ሆነና 641 ሰባት ጊዜ ደርሶት 2 ተረፈ። ወደ መጨረሻው ያው 448 ተመልሶ መጣ፤ አሁን የወረደለት ግን 7 ስለነበር 4,487 ሆነና ያለ ቀሪ አለቀ። ድርሻው 6,700,417 ነው፤ እርሱም ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው። ያንን ዜሮ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከማካፈሉ ይልቅ ግን ልቤን የነካው ምክንያቱ ነው። 640 ከ641 በ1 ስለሚያንስ፣ አራት 640ዎች እርስ በርስ ተባዝተው ለ641 ሲካፈሉ የሚተርፈው 1 ነው። 640 ደግሞ 5 ጊዜ 128 ስለሆነ፣ ያ ብዜት 625 (የአራት 5ዎች ብዜት) ጊዜ 268,435,456 (የአራት 128ዎች ብዜት) ማለት ነው። አሁን 625 ከ641 በ16 እንደሚያንስ ልብ በል፤ ስለዚህ በ625 ቦታ 16ን ከቅናሽ ምልክት ጋር ብትተካ ቀሪው አይለወጥም። 16 ጊዜ 268,435,456 ደግሞ 4,294,967,296 ነው። እንግዲህ ይህ ቁጥር በቅናሽ ምልክት 1 የሚተርፈው ከሆነ፣ 1 ሲጨመርበት የግድ ለ641 እኩል ይካፈላል። ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር የተፈታው 640 እና 625 ከ641 አጠገብ በመሆናቸው ብቻ ነው።

ተከታዩ 18,446,744,073,709,551,617 ለ274,177 እንደሚካፈል አንብቤአለሁ፤ እንደ 641 ያለ አጭር ምክንያት ግን ገና አላገኘሁለትም። ለጥምቀት ከመጣህ ደብተሩን ይዤ ዋርካው ሥር እጠብቅሃለሁ።

ወንድምህ