ረቂቁ እኔ ጋ ይቆይ

ልጄ፣

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የላክሽልኝን ረቂቅ ጠዋት ከፈትኩት። አንዱን አንቀጽ አራት ጊዜ ጀምረሽዋል፤ አራቱንም ሳታጠፊ ነው የላክሽው። የመጨረሻው ግስ እንኳ የለውም። ከሥሩ «አባዬ፣ ምኑም አልጥም አለኝ» ብለሻል። ከአራቱ የቱ እንደሚሻል አውቄዋለሁ። አሁን ግን አልነግርሽም፤ መጀመሪያ አረፍ በዪ።

መጻፍ ያቃተሽ ከስንፍና መስሎሽ ይሆናል። እኔም አንድ ሰሞን መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን ሳላርፍ ጻፍኩ። መጀመሪያ ድካም ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሥራው አስጠላኝ፤ የሰው ጽሑፍ ሳነብ እንኳ «ይሄ ደግሞ ምን ሊል ነው?» ማለት አበዛሁ። በኋላማ የጻፍኩት ሁሉ እርባና ቢስ ይመስለኝ ጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በርንአውትን (በሥራ ተቃጥሎ መዛልን) ሲገልጽ ያስቀመጣቸው እነዚሁኑ ሦስቱን ነው፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ሥራን መሸሽ፣ የመሥራት አቅም መቀነስ። በሽታ ግን አላለውም። መላ ሳይበጅለት ከከረመ የሥራ ውጥረት ይመጣል ነው ያለው።

የእኛ ሥራ ክፋቱ ማብቂያ ሰዓት የለውም። ግንበኛ ሲመሽ መሣሪያውን ሰብስቦ ይሄዳል። እኛ አልጋ ላይም ዓረፍተ ነገር እናቃናለን። (ሻወር ውስጥ የሚመጣው ይምጣ፤ ጥሩ ጥሩ ርዕስ ያገኘሁት እዚያ ነው።)

አረፍ በዪ ስልሽ ስልክ ይዘሽ ተጋደሚ ማለቴ አይደለም። እሱም ንባብ ነው፣ ያውም የተዝረከረከ። ከቃላት የሚያርቅሽን ነገር ፈልጊ። በእግርሽ ሂጂ። ቁም ሳጥንሽን አራግፊ። እንቅልፍሽን ደግሞ አትሸራርፊ፤ አእምሮ ቀን የሰበሰበውን የሚያደላድለው ስትተኚ ነው።

እኔን የጠቀመኝ ሐሳቡ ሳያልቅ ማቆም ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቅኩት ሁለት ቃል ጫር አደርግና እነሳለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ያንገበግባል። በማግስቱ ግን ባዶ ገጽ ላይ አላፈጥም።

«የማስረከቢያው ቀን ደርሷል» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እንዲያራዝሙልሽ ጠይቂ። እኔ ያኔ መጠየቅ አፍሬ የተበላሸ ሥራ አስረከብኩ፤ እንደገና ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አርፈሽም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ወይ ሁሉም ነገር ከጨለመብሽ ግን ንገሪኝ፤ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።

ረቂቁን አትሜ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አንቺ ጋ ያለውን አጥፊው አልልሽም፤ ብቻ አትክፈቺው። 10 ቀን ይቆይ። በ11ኛው ቀን እደውልልሻለሁ። አራቱን ጅምሮች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልሻለሁ፤ የቱ እንደሚሻል አንቺው ትነግሪኛለሽ።

አባትሽ