የገዛነው ነገር ስም ስቴትመንታችን ላይ ይጻፍልን፦ ለዋሽንግተን ዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ብራያን ሽዋልብ፣

በአማርኛ የጻፍኩልዎ ሆን ብዬ ነው። ከተማችን በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ዲሲ በዚያ ሕግ መሠረት ሰነዶቿን ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ቢሮዎም ደብዳቤዬን የሚያነብለት ሰው አያጣም። ደግሞም ነገሩ የሚነካቸው ሰዎች እኩል ከእርስዎ ጋር እንዲያነቡት ፈልጌያለሁ።

ጉዳዬ የባንክ ስቴትመንት ላይ የሚወጣ፣ ማን እንደቆረጠው የማይታወቅ ገንዘብ ነው። 9.99፣ 14.99፣ አንዳንዴም በዓመት አንዴ ዱብ የሚል 119 ዶላር። አጠገቡ የተጻፈውን ስም ባለቤቱ ሰምቶት አያውቅም። ሱቅ አይደለም፣ የስልክ ቢል አይደለም። ሲጣራ ብዙ ጊዜ የሶፍትዌር ሰብስክሪፕሽን፣ ማለትም በየወሩ ወይም በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ ክፍያ፣ ሆኖ ይገኛል፦ ፎቶ ማስተካከያ፣ ፒዲኤፍ መክፈቻ፣ ቪፒኤን፣ አንቲቫይረስ፣ ልጅ ለትምህርት ብሎ ያወረደው አፕ። ሰባት ቀን ነጻ ነው ተባለ፣ የካርድ ቁጥር ተሰጠ፣ ሰባቱ ቀን አለፈ፣ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይቆርጣል።

እኔ ለወገኖቼ ስቴትመንት ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ቡና ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ስልካቸውን አውጥተው «እስቲ ይቺን እይልኝ» ይሉኛል። ፓርኪንግ የሚሠሩ አሉ፣ ታክሲ የሚነዱ አሉ፣ ቤት ለቤት ሽማግሌ የሚንከባከቡ እናቶች አሉ። ላባቸውን አፍስሰው የሚያገኙትን ገንዘብ በሳንቲም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሒሳቡ አላቃታቸውም። ያቃታቸው ስሙ ነው።

ስሙ እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በካርድ ክፍያ ሥርዓት ለነጋዴው ስም የተተወችው ቦታ ጠባብ ናት፤ ከ22 እስከ 25 ፊደል ብትይዝ ነው። በዚያች ቦታ ላይ አንዳንዱ ድርጅት አፑን የምናውቅበትን ስም ትቶ ኩባንያው የተመዘገበበትን ስም ያስገባል። ሌላው ደግሞ ራሱ አይሸጥም። እንደ ፓድልና ፋስትስፕሪንግ ያሉ ድርጅቶች በእሱ ፈንታ ሕጋዊ ሻጭ ሆነው ገንዘቡን ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ስቴትመንቱ ላይ መጀመሪያ የሚታየው «ፓድል ዶት ኔት» ወይም «ኤፍ ኤስ» የሚሉ ሁለት ፊደላትና ኮከብ ናቸው፣ የሶፍትዌሩ ስም ከኮከቡ በኋላ ይመጣል፣ ቦታ ሲያንሰው ደግሞ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ፒዲኤፍ መክፈቻ የገዛ ሰው ይህን አይቶ ምን ይረዳል?

አፕል ሌላ ጣጣ አለው። በአይፎን አፕ ስቶር በኩል የተገዛው «አፕል ዶት ኮም ስላሽ ቢል» ተብሎ ይመጣል፤ የአፑ ስም አይታይም። አንዳንዴም ሁለት ሦስት ግዢ ሰብስቦ በአንድ ድምር ይቆርጣል። 17.98 የሚል ቁጥር ያየ ሰው በዚያ ዋጋ የሚሸጥ አፕ ቢፈልግ አያገኝም፣ ምክንያቱም አንዱ 9.99 ሌላው 7.99 ሆነው ተደምረዋል። ጉግል ግን ከራሱ ስም ቀጥሎ ኮከብ አድርጎ ብዙ ጊዜ የአፑን ወይም የሠሪውን ስም ያስቀምጣል። ፔይፓልም እንዲሁ። ቪዛ ከ2020 ጀምሮ፣ ነጻ ሙከራ አልቆ የመጀመሪያው ክፍያ ሲቆረጥ ስቴትመንቱ ላይ ሙከራ መሆኑን የሚገልጽ ቃል እንዲገባ ነጋዴዎችን አዟል። እንግዲህ ሲፈለግ ለማብራሪያ የሚሆን ቦታ አለ ማለት ነው።

የማይነበብ ስም ሰውን ወደ ተሳሳተ መንገድ ይወስደዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። የማውቃቸው አንዲት እናት የማያውቁት ቻርጅ ሲደጋገምባቸው ባንክ ሄደው ካርዳቸውን አስቀየሩ። ትክክለኛ ነገር ያደረጉ መሰላቸው፣ ማንም ቢሆን ይመስለዋል። አዲሱ ካርድ መጣ፣ በወሩ ያው ቻርጅ አዲሱ ካርድ ላይ ወጣ። ካርድ ሲቀየር አዲሱን ቁጥር በየወሩ ለሚያስከፍሉ ነጋዴዎች የሚያስተላልፍ አገልግሎት ቪዛም ማስተርካርድም አላቸው። መብራትና ስልክ እንዳይቋረጥ ይጠቅማል። ግን ይህን ማንም አልነገራቸውም፣ ባንኩም አልነገራቸውም፤ እሳቸው ባንኩ ራሱ የሚሰርቃቸው ነው የመሰላቸው። ለሳምንታት እንቅልፍ አጡ።

ሌላው ሰው አፑን ከስልኩ ያጠፋና ተገላገልኩ ይላል። አፕ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽን አይሰርዝም። ሌላው ባንክ ደውሎ «ተሰርቄያለሁ» ይላል። ባንኩ ሲያጣራ ሰውየው ራሱ የፈቀደው ክፍያ ሆኖ ይገኝና ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። «ሰርዣለሁ፣ ከሰረዝኩ በኋላ ነው የቆረጠብኝ፣ ማስረጃውም ይኸው» ማለት ሌላ አቤቱታ ነው፣ ገንዘብም ሊያስመልስ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ልዩነት በእንግሊዝኛ፣ በስልክ፣ ሙዚቃ ሲሰሙ ቆይቶ ለሚመጣ ሠራተኛ ማስረዳት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው።

ከሁሉ የባሰው የሌቦቹ ኢሜይል ነው። «አንቲቫይረስዎ ታድሷል፣ 399 ዶላር ተቆርጧል፣ ካልፈለጉ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል። ምንም አልተቆረጠም። ሰዎች ሲደውሉ ሌቦቹ ኮምፒውተራቸውን በርቀት ይከፍቱና ሒሳባቸውን ይዘርፋሉ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 የቤስት ባይ ሱቅን ወይም የኮምፒውተር ጥገና ክፍሉን የጊክ ስኳድን ስም ስለለበሱ አጭበርባሪዎች ብቻ 52 ሺህ ገደማ ጥቆማ ደርሶታል። ስቴትመንቱን ማንበብ የሚችል ሰው ገብቶ ያይና እንዳልተቆረጠበት አውቆ ይተኛል። ስቴትመንቱ ሁልጊዜ እንቆቅልሽ የሆነበት ሰው ግን ኢሜይሉን ቢያምን ምን ይገርማል?

ለምን ለእርስዎ እንደምጽፍ ልንገርዎ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2024 በቀላሉ የተገባበት ሰብስክሪፕሽን በቀላሉ እንዲሰረዝ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት፣ ሐምሌ 8 ቀን 2025 በፈረንጆቹ፣ የስምንተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ አስቀድሞ ማድረግ የነበረበትን የኢኮኖሚ ትንተና አላደረገም ብሎ ሰረዘው። ስለ ኦንላይን ገዢዎች በ2010 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን አለ። አማዞን ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው ፕራይም በሚባለው የክፍያ አባልነቱ ውስጥ አስገብቷል፣ መውጫውንም አክብዷል ተብሎ ተከሶ በመስከረም 2025 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በዚያ ሕግ መሠረት በቀረበበት ክስ ነው፤ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ። ፓድልም በሰኔ 2025 ለአታላይ የኮምፒውተር ጥገና ነጋዴዎች ክፍያ ተቀብሏል ተብሎ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እነዚህ ትላልቅ ድሎች ናቸው፣ ደስ ብሎኛል። በየወሩ 9.99 ለሚቆረጥባት እናት ግን ቅርብ የሆነው የእርስዎ ቢሮ ነው። ዲሲ በራሱ የሚታደስ ውልን የሚመለከት የ2018 ሕግ አላት። ሕጉ የእድሳቱ ሁኔታ በግልጽ እንዲነገር ያዛል፤ አንድ ወርና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ነጻ ሙከራ ደግሞ ከማለቁ ከ1 እስከ 7 ቀን ቀደም ብሎ ደንበኛው እንዲያውቅ ይጠይቃል። ሕጉን እንዲፈጸም የማድረግ ሥልጣን በእጅዎ ነው።

የምለምንዎ ይህን ነው። መጀመሪያ፣ በአማርኛ አንድ ገጽ ያውጡልን። ስቴትመንት ላይ የሚታዩት የተለመዱ ስሞች ምን ማለት እንደሆኑ፣ በአይፎንና በአንድሮይድ ሰብስክሪፕሽን የት እንደሚታይና እንዴት እንደሚሰረዝ በሥዕል ይታይበት። ቀነ ገደቦቹም በትልቁ ይጻፉ። ዴቢት ካርድ ላይ ስሕተት ሲገኝ ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንክ መንገር እንደሚገባ፣ ባንኩም እንደ ደንቡ በ10 የሥራ ቀን ማጣራት ካልጨረሰ ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ ምርመራውን መቀጠል እንዳለበት ስንቶቻችን እናውቃለን? በክሬዲት ካርድም 60 ቀን ነው፣ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። በየጊዜው ከባንክ ሒሳብ የሚቆረጥን ክፍያ ለማስቆምም ከሚቆረጥበት ቀን ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድሞ ለባንክ ማሳወቅ ይቻላል። ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ገጹ እስኪወጣ ይህንን ያዙት፤ የሰረዛችሁበትን ኢሜይልም አታጥፉ።

ሁለተኛ፣ ሰው ይላኩልን። ገጹን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ቢለጥፉት እኔን መሰል ሰው ያነበዋል፣ እነዚያ እናቶች ግን አያዩትም። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ይታወቃል። አማርኛ የሚናገር የቢሮዎ ሠራተኛ መጥቶ አቤቱታውን እዚያው ይቀበል። አዳራሹን እኛ እናዘጋጃለን።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ በዚህ ጉዳይ ከድርጅቶች ጋር ስምምነት ሲፈርሙ አንድ አንቀጽ ያስገቡ፦ ስቴትመንት ላይ የሚወጣው ስም ደንበኛው የገዛበት ስም ይሁን፣ አጠገቡም የሚሠራ ስልክ ወይም ድረ ገጽ ይኑር። ገንዘብ ከማስመለስ ጋር ይህንንም ይጠይቁ። አጫጭሮቹ የሰባት ቀን ሙከራዎችም ከመቁረጣቸው በፊት መልእክት እንዲልኩልን ለከተማው ምክር ቤት ሐሳብ ያቅርቡ፤ ብዙ ሰው የሚጠመድባቸው እነሱ ናቸውና።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ቢሆን ጥሩ ነው፣ እኔ ለሁሉም አደርሰዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲሲ ነዋሪ